ከሱብሂ በኋላ የሚሞቁት ማሽኖች

ባለፈው ሳምንት፣ ኮምቦልቻ በማስተምርበት ኮሌጅ፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ ከወንዙ በኩል የሚገባው አየር ዓይን ያከብዳል። ፕሮግራሞችን ገና ሳንጠይቃቸው ቀድሞ ሜሞሪ ላይ ጭኖ ማቆየት ኮምፒውተርን ያፈጥነው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስመልሰው ኖሬያለሁ። ጠመኔ አንስቼ ወደ ሰሌዳው ስዞር ግን የምጽፈው የመጀመሪያ ቃል ጠፋኝ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ በዝርዝር እንደምመልስላት ነግሬያት ትምህርቱን ቀጠልኩ። ሳልዘጋጅ ክፍል የምገባ ሰው ስላልሆንኩ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልሱን ረስቼው አልነበረም። ይህ ጥያቄ በወጣትነቴ አንድ ጊዜ ከማሽን ፍጥነት አልፎ የራሴ መውጫና መግቢያ ሆኖ ስለነበር፣ ከሰሌዳው ፊት ቆሜ ያ ጊዜ ድንገት መጣብኝ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ወደ ደሴ የተመለስኩት ክረምቱ ሲገባ ነው። የደሴን ክረምት የማያውቅ ሰው ብርድ ማለት የሌሊት ነገር ብቻ ይመስለዋል። እዚያ ግን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ረፋድ ላይም አብሮን መንገድ ያቋርጣል፤ የተሰጣ ልብስ ለቀናት አይደርቅም፤ በየመንገዱ ዳር የሚጠበሰው የበቆሎ እሸት ከመበላቱ በፊት እጅ ይሞቅበታል። የአጎቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነበር። ሦስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ለጉርድ ፎቶ የሚሆን አንድ ሰማያዊ መጋረጃ፣ ደጃፍ ላይ ደግሞ ተራ የሚጠብቅ ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ዘሃራ ለእያንዳንዱ ስክሪን ነጭ የዳንቴል ልብስ ሠርተውለት ስለነበር፣ ቤቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሲታይ ሦስት ሙሽሮች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ይመስላል።

አጎቴ ሰይድ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ የሞተው ገና ሕፃን ሳለሁ ነው። እናቴ ሌላ አግብታ ሐርቡ ስትወርድ እኔ አጎቴ ዘንድ ቀረሁ፤ ከሐርቡ በየጊዜው የምትልክልኝ ፓፓያ ካልሆነ በስተቀር የልጅነቴ ነገር ሁሉ የእሳቸው ነበር። አጎቴ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በከባድ መኪና መሪ ላይ ነው። የአሰብ መንገድ ክፍት በነበረበት ዘመን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ ሚሌ ሲመላለሱ ኖረው፣ መንገዱ ሲዘጋ መኪናቸውን ሸጡና ኮምፒውተር ገዙ። ከመሪው ቢነሱም ሾፌርነታቸው አብሯቸው ሱቁ ገባ። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሳጥን «ሞተሩ» ይሉታል፤ ማሽን ሲበላሽም መጀመሪያ ጆሯቸውን ደገፍ አድርገው ያዳምጡታል።

የደሴ ሾፌር ሞተር ሳያሞቅ አይነሳም። በብርድ ያደረ የናፍጣ ሞተር ልክ እንደ ሰው ቀስ ተብሎ ይቀሰቀሳል ይሉ ነበር። አጎቴ ይህን ሥርዓት ሳያጓድሉ ወደ ኮምፒውተሮቹ አሻገሩት። የንጋቱን ሰላት ሱብሂን ሰግደው ከመስጊድ ሲወጡ ቤት አይገቡም፤ ቀጥታ ሱቁ ሄደው የላሜራውን በር ይከፍቱና ሦስቱንም ማሽኖች ያበራሉ። ከዚያ በየማሽኑ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ሁሉ አንድ በአንድ ይከፍታሉ፤ የጽሑፉን፣ የሠንጠረዡን፣ የፎቶውን፣ የሠርግ ጥሪ የምናዘጋጅበትን፣ ማንም ነክቶት የማያውቀውን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሳይቀር። ሰው ሲመጣ ሁሉም ሞቆ ይጠብቀዋል፤ ሐሳባቸው ይህ ነበር።

እኔ ስደርስ ማሽኖቹ ሞቀው ሳይሆን ታፍነው አገኛቸዋለሁ። ዘመኑ የዛሬው አልነበረም፤ የእነዚያ ማሽኖች ሜሞሪ ከአንድ ሁለት ፕሮግራም በላይ የሚችል አይደለም። የቀረውን ማሽኑ ወደ ሃርድ ዲስኩ እየገፋ ያስቀምጠዋል፤ ሲፈለግ ደግሞ ከዚያ እየጎተተ ያመጣዋል። ባለጉዳይ ማመልከቻ ላስጽፍ ብሎ ይቀመጣል፤ እኔ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ልሻገር ስል ሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር መንጓጓት ይጀምራል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው የአሸዋ ሰዓት ምልክት ትቆማለች። እሷ ስትቆም እኔም አብሬ እቆማለሁ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ጥቂት ታግሦ ተነሥቶ ወደ ማዶው ሱቅ ይሻገራል። ተጨማሪ ሜሞሪ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ ብናስጠይቅ ለዚያ ዓይነት ማሽን የሚሆነው መመረት አቁሟል ተባልን።

በዚሁ ክረምት ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ሊቀጥረኝ ተስማማ። ሥራ መጀመር የነበረብኝ ከዒድ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ብቻ የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሚኒባሱ ታች ሲደርስ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል፣ ያን ያህል ብቻ ነው ልዩነታቸው። ለአጎቴ ግን የነገርኳቸው ባሕር ማዶ እንደምሄድ ያህል ነበር።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ በመጀመሪያ፤ ፊታቸው ግን ቃሉን አልተከተለም። «እዚህስ ምን ጎደለሽ?»

ምንም እንዳልጎደለኝ ነገርኳቸው። እውነትም ነበር። ምንም አልጎደለኝም፤ ጠዋት ከቤት ወደ ሱቅ፣ ማታ ከሱቅ ወደ ቤት፣ በሁለቱም ቦታ እኔን የሚጠብቅ የተዘጋጀ ወንበር ነበረኝ። ይህን እንዴት አድርጌ እንደ ጉድለት ልቁጠረው? ያሳደገን ሰው እምቢ ለማለት የሚሆን ቋንቋ እኔ ዘንድ አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲም አላስተማረኝም። አጎቴ ጥቂት አሰቡና ዳኝነታቸውን ሰጡ፤ ማሽኖቹ ሰው የማያስጠብቁ ሲሆኑ መሄድ እችላለሁ። ያኔ እኔ ባልኖርም ሱቁ በራሱ እግር ይቆማል፤ እስከዚያው ግን ቤቱን ጥዬ መሄድ የለብኝም።

እንዲህ ሆኖ ነው ነፃነቴ በአንድ ማሽን ፍጥነት ላይ የተንጠለጠለው። የሚያሳዝነው፣ ማሽኑን የሚያዘገየው ነገር ደግሞ የፈራጁ የራሳቸው እጅ ነበር።

ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ በሚያውቁት ነገር መጀመር እንዳለብኝም አላጣሁትም። የመኪናቸው ጋቢና ሦስት ሰው እንደሚይዝ አስታወስኳቸው፤ አሥር ሰው ቢሳፈርስ?

«የቀሩት ጭነት ላይ ይወጣሉ።»

«በየመንገዱ ደግሞ ጭነት ላይ ያለውን ሰው ማነጋገር ቢያስፈልግዎ?»

«መኪናውን አቁሜ አስወርደዋለሁ።»

«ጋቢና ያለው ደግሞ ይወጣል። ትንሽ ሄደው ያንኑ መልሰው ይፈልጉታል። መቼ ይደርሳሉ ጋሼ?»

አጎቴ በጥሞና አሰቡበት። «ረዳቱ ምን ሠራ ታዲያ?» አሉኝ በመጨረሻ፤ ከማዕዘኑ ጉርድ ፎቶ በመቀስ የምትቆርጠው ልጃቸው ሀያት ሳቋን ልትደብቅ ሰማያዊው መጋረጃ ውስጥ ገባች።

ሀያት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ያልመጣላት ናት። ከእኔ ጀርባ ቆማ እያየች መጻፍ ለምዳለች፤ ጣቷ ፈጣን ነው። አባቷ ግን ገና እንደ ልጅ ነበር የሚያዩዋት፤ እኔ እያለሁ እሷን ማሽን ላይ ማስቀመጥ ሥራ ማበላሸት ነበር የሚመስላቸው። እኔ ምሳ ስበላ ብቻ ወንበሬ ላይ ትቀመጣለች፤ ስመለስ ትነሣለች።

«ሰዓዳ፣ በአላህ ሂጂልን» ትለኝ ነበር እየቀለደች። «አንቺ እስካለሽ እኔ መቀስ ይዤ ነው የማረጀው።»

የዒዱ ዋዜማ ሳምንት የሥራ ብዛት ያለበት ነው። ከደሴ ዙሪያ ለገበያ የወጣው ገበሬ ጉዳዩንም በዚያው ይጨርሳል፤ ከዒድ በኋላ ሠርግ ያለበት ቤት ሁሉ የጥሪ ወረቀት ያሠራል። ይህን ጠብቄ አጎቴን አንድ ነገር ለመንኳቸው፤ ለአንድ ጠዋት ብቻ አንደኛውን ማሽን ሳያሞቁት እንዲተዉልኝ። ሕፃን እንደሚባበል አድርገው እሺ አሉኝ። የሞቀው ላይ እኔ ተቀመጥኩ፤ ቀዝቃዛው ላይ ሀያትን አስቀመጥኳት። ውጤቱ ምንም ቢሆን የማሽኑ እንጂ የእጅ ልዩነት ነው እንዳይባል፣ ልምድ ያለው እጅ በተጠረጠረው ማሽን ላይ መዋል እንዳለበት አስቤበት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባለጉዳዮች አብረው ገቡ። የእኔ ማሽን ላይ የጽሑፉ ፕሮግራም ተከፍቶ ይጠብቅ ስለነበር ወዲያው መጻፍ ጀመርኩ። የሀያት ገና እየተከፈተ ነበር፤ እሷ ጣቷን ታፍተለትላለች። አጎቴ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«አየሽ?» አሉ።

አየሁ። ይህን መካድ አልችልም ነበር፤ ዛሬም አልክድም። የሚፈለገው ነገር ቀድሞ ከተዘጋጀ፣ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚያህለው የለም።

ቀጥሎ ግን የሠርግ ጥሪ የሚያሠራ ወጣት የሙሽሮቹን ፎቶ ይዞ መጣ። ፎቶውን ስከፍት ያ መንጓጓት ተጀመረ። ስክሪኑ ነጣ፤ ማውሱን ባንቀሳቅሰውም ቀስቷ ካለችበት አልነቃነቅ አለች። ከጎኔ ሀያት ማመልከቻዋን ጨርሳ ሌላ ሰው ጠራች፤ እሱንም ሸኘች። የእኔን ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ የደሴ ዙሪያ ሽማግሌ ማሽኔን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄኛው ሱጁድ ወርዶ ግንባሩን እንደ ደፋ ቀረ እኮ ልጄ» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ሀያት ወረፋ ዞሩ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ።

አጎቴ አልሳቁም። ከኋላዬ መጥተው ጎንበስ አሉና፣ የመኪና ኮፈን ላይ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን የሳጥኑ ጎን ላይ አሳረፉ።

«ሞቋል እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ለምን አይሄድም?»

«ሞልቷል ጋሼ።»

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ በየማሽኑ የተከፈተው የጽሑፉ ፕሮግራም ብቻ ነበር። ማሽኖቹ ተነፈሱ። ወደ ማዶው ሱቅ የሚሻገር ሰው ቀርቶ ከማዶ ወደ እኛ የሚሻገር መጣ። ሁለተኛውን ማሽን ሀያት ያዘች። በዒዱ ዋዜማ ለእትዬ ዘሃራ ሳምቡሳ የምንጠቀልልበት ጊዜ እንኳ አጥተን እሳቸው ብቻቸውን ጠቅልለው ጨረሱት። እኔ በልቤ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።

በዒዱ ዕለት ከምሳ በኋላ ሰኞን አነሣሁ። አጎቴ የያዙትን ብርጭቆ አስቀመጡ።

«አሁን?» አሉኝ፤ የእውነት ገርሟቸው ነበር። «ሰው ማዶውን ትቶ ወደ እኛ መምጣት ሲጀምር? ይህን ሁሉ ሰው ማን ያስተናግደዋል?»

ማሽኖቹ ሲዘገዩ ስለ ዘገዩ መሄድ አልችልም ነበር፤ ሲፈጥኑ ስለ ፈጠኑ መሄድ አልችልም። የላሜራው በር በየትኛውም በኩል ብገፋው እንደማይከፈትልኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ጓሮ ወጥቼ ከግንቡ ሥር ቆምኩ። ያስመረረኝን ሰው መጥላት ቢቀናኝ ይቀለኝ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ያን ዕለት ጠዋት ከሁሉ በፊት ለእኔ አዲስ ነጠላ ያመጡልኝ ሰው ናቸው።

እትዬ ዘሃራ ተከትለውኝ ወጡ። የታጠቡትን ዳንቴሎች እያራገፉ ገመድ ላይ ማስጣት ጀመሩ፤ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ነው የነገሩኝ።

«ማሽን ይመስልሻል አይደል? ወላሂ ማሽን አይደለም።»

ከዚያ ስለ አባቴ ነገሩኝ። መታመሙን አውቅ ነበር፤ እንዴት እንደ ሞተ ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በአንድ የክረምት ንጋት ሆዱን ድንገት ቆረጠው፤ ይጮህ ጀመር። የአጎቴ ከባድ መኪና ግቢው በር ላይ ቆሟል፤ ነገር ግን ብርዱ ገብቶበት ሞተሩ አልነሣ አለ። አጎቴ ቁልፉን ደጋግመው አዞሩት፤ ጎረቤት ወጥቶ ገፋ፤ ሞተሩ ላይ የሚፈስ ውሃ ተፈላ። ሞተሩ ተነሥቶ ሆስፒታል ሲደርሱ አባቴ በወንድሙ ረዳት ጭን ላይ አልፎ ነበር። ከዚያ በኋላ አጎቴ የሚሄዱበት ኖረም አልኖረ፣ መኪናው በሸክም ይሁን ባዶውን፣ አንድም ንጋት ሞተሩን ሳያሞቁ አላሳለፉም። መኪናው ሲሸጥ ወደ ማሽኖቹ ዞሩ።

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ሞተሩ ወዲያው ቢነሣ አባቴ ይተርፍ ነበር? ለማሽኖቹ ጥያቄ መልስ ያገኘሁት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው። ለዚህኛው ግን ጎን ለጎን የሚቀመጥ ሌላ ንጋት አልነበረኝም፤ አጎቴም አልነበራቸውም። ስለዚህም ነው የያዙትን ነገር ሁሉ ሳያጠፉ የሚያቆዩት። እኔም በዚያ ሱቅ ውስጥ፣ ማን እንደሚጠራኝ ሳይታወቅ፣ ለአንድ ክፉ ንጋት በርቼ የምጠብቅ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ሱቁ ገባሁ። ጉሙ ከበሩ አብሮኝ ገባ። ሦስቱም ማሽኖች በርተው ነበር፤ በሦስቱም ላይ ፕሮግራሞቹ ሁሉ እንደ ዱሮው ተደራርበው ተከፍተዋል፤ መዝገበ ቃላቱ ሳይቀር። አጎቴ የሱብሂ ኮፍያቸውን ሳያወልቁ መካከለኛው ማሽን ፊት ተቀምጠዋል፤ ሀያት ማዕዘኑ ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

ሻንጣውን አስቀመጥኩ። አጠገባቸው ቆሜ ማውሱን ያዝኩና የተከፈቱትን አንድ በአንድ መዝጋት ጀመርኩ። አልከለከሉኝም። የመጨረሻው ሲቀር እጄን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ የአባቴን ነገር ሰምቻለሁ።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሞተሩ ቢነሣ ይተርፍ እንደ ነበር እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። እኔ ግን አልታመምኩም ጋሼ። ኮምቦልቻ ነው የምሄደው።»

አጎቴ ተነሥተው ሻንጣዬን አነሡና በሩ ላይ ደርሰው ወደ ሀያት ዞሩ። «ተቀመጪ እንግዲህ» አሏት፤ የተቆጡ ይመስል ነበር። ሀያት የእኔን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እስከ ሚኒባሱ አብረውኝ ሄዱ። እኔ ከገባሁ በኋላ በመስኮቱ ጎንበስ ብለው፣ «ሐረጎ ላይ ጉም አለ፤ ሾፌሩን ቀስ በል በይው» አሉኝ። ሾፌሩ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማቸው ነበር። እሺ አልኳቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጃቸውን አላነሡም፤ እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።

ባለፈው ሐሙስ ክፍል ገብቼ የተማሪዬን ጥያቄ መለስኩ። ሁለት ነገር እንደሚወስነው ነገርኳት። አንደኛው፣ ሜሞሪው ምን ያህል ቦታ አለው የሚለው ነው፤ የዛሬዎቹ ሰፊ ስለ ሆኑ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሁለተኛው፣ ቀድሞ የተጫነው ነገር በእርግጥ ይጠራል ወይ የሚለው ነው። ማሽን ወደፊት የሚሆነውን አያውቅም፤ ከዚህ በፊት የተጠራውን አይቶ ይገምታል። ግምቱ ከሠመረ ባለቤቱን ከመጠበቅ ያድነዋል፤ ካልሠመረ ለማይጠራ ነገር ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ተማሪዎቹ ጻፉት። ልጅቱም መልሱ የበቃት መሰለኝ።

ሰሌዳው ላይ ያልጻፍኩት ይቀራል። አጎቴ ካረፉ ዓመታት ሆነዋቸዋል፤ ሱቁ የሀያት ነው። እኔ ኮምቦልቻ ብቻዬን ኖሬያለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ንጋት ላይ ድንገት አንድ ነገር ቢደርስበት፣ በሩን የሚያንኳኳለት፣ ሞቆ የሚጠብቅ ሰው እንደሌለው አውቃለሁ፤ አጎቴ የፈሩልኝ ይህንኑ ነበር፤ ፍርሃታቸውም የሞኝ ፍርሃት አልነበረም። እኔን ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ንጋት እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ትክክል ነበርኩ ለማለት አይደለም። እስካሁን የታየው ውጤት ይኸው ነው።